ለጎንደር ዳገት ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ቪትዝ ወይስ ባለ አራቷ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሁለት ባለ 1.0 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ ቀርበውልሃል። አንዷ የ2003 ሞዴል ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሌላዋ የ2007 ባለ ሦስት፣ ሁለቱም ኦቶማቲክ። ደላላው «ባለ ሦስቷ የጎንደርን ዳገት አትችለውም» ስላለህ ግራ ገብቶሃል። እኔ መጀመሪያ አሮጌዋን ነድቻለሁ፤ አሁን አዲሷን ይዣለሁ። ከማራኪ አዘዞ ስመላለስ፣ ቤተሰብ ጭኜ ደባርቅ ስወጣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የደላላውን ወሬ ተወው። እነዚህን ሞተሮች የሚገድላቸው ዳገት ሳይሆን የውሃና የዘይት ነገር ነው።

ቁጥሩን ቶሎ እንጨርሰው። የሞዴሎቹ ዓመት በፈረንጆቹ ነው። አሮጌዋ ውስጥ ያለው 1ኤስዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ሞተር ነው። 997 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ብረት። ለጃፓን ገበያ የተሠራው በደቂቃ በ6000 ዙር 70 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉተታው በ4000 ዙር 95 ኒውተን ሜትር ነው። አዲሷ የያዘችው 1ኬአር-ኤፍኢ ነው። ዳይሃትሱ የሠራው፣ ብሎኩ አሉሚኒየም የሆነ ቀላል ሞተር። ቶዮታ ፓሶ ላይም ይኸው አለ፤ አውሮፓ ውስጥ አይጎ፣ ፔጆ 107 እና ሲትሮየን ሲ1 ላይ ተገጥሟል። 996 ሲሲ፣ 12 ቫልቭ፣ በ6000 ዙር 71 የፈረስ ጉልበት፣ በ3600 ዙር 94 ኒውተን ሜትር። አየህ፣ በጉልበት እኩል ናቸው። እንዲያውም ባለ ሦስቷ ጉተታዋን ቀድማ ነው የምትሰጠው። ፒስተኗ ረጅም መንገድ ስለሚመላለስ ዝቅ ባለ ዙር ይሻላታል።

ታዲያ ለምን ደከመች ይባላል? አንደኛ፣ ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 70 የተባለው እዚህ 55 ገደማ ነው ማለት ነው፤ ለሁለቱም እኩል። «አስተካክዬ ጉልበት እጨምርላታለሁ» የሚልህ መካኒክ ካለ ገንዘብህን ያዝ። የሞተሩ ኮምፒውተር አየሩን እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፤ እንደ ድሮ ካርቡራተር በጠመንጃ መፍቻ የሚጠመዘዝ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ የ2007ቷ ካምቢዮ ሲቪቲ ነው፤ ቋሚ ማርሽ የሌለው ኦቶማቲክ። ዳገት ላይ ዙሩን ከፍ አድርጎ እዚያው ይይዘዋል። ጩኸቱ ስለሚበዛ ሰው ሞተሯ የተጨነቀች ይመስለዋል። ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ተዋት ትጩህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ውሃ።

በእኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ100 አይደለም። ቴርሞስታቱ (ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) የሚከፈተው ሙቀቱ 82 አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ማራገቢያው የሚነሳው ደግሞ እዚያው 90ዎቹ ውስጥ ነው። ልብ በል፤ ማራገቢያው ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ የመፍያው መጠን ከ110 በላይ ይወጣል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊት አይዝም። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ከተጣመመና ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ከተቃጠለ በኋላ የሚወጣው ወጪ ግን የትየለሌ ነው። በተለይ ባለ ሦስቷ አሉሚኒየም ስለሆነች አንድ ጊዜ በደንብ ከጋለች ይቅርታ አታውቅም።

ሌላው ችግር፣ ሁለቱም ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም። ሰማያዊ መብራት አለ፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ቀይ መብራት አለ፤ ከልክ በላይ ሲግል ይበራል። በመሐል ያለውን አታየውም። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ደግሞ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር እንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር ቀዩ መብራት ዘግይቶ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮፋኖ ከፍቶ ማየት ልማድ ይሁንህ። መተማ ወርደህ የምትመለስ ከሆነማ ግዴታ ነው። ከዚያ ሙቀት ተነስተህ እስከ ጭልጋ ዳገቱን ስትወጣ ደካማ ክዳን፣ የደፈነ ራዲያተርና የምታንጠባጥብ የውሃ ፖምፓ እዚያ ነው የሚጋለጡት።

የባለ ሦስቷ የውሃ ፖምፓ መፍሰስ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አይንጠባጠብም። ቺንጋው ባለበት በኩል የደረቀ ቀይ ወይም ነጭ ቅርፊት ነገር ታያለህ። እሱን ካየህ ፖምፓው ጊዜው ደርሷል፤ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። የአሮጌዋ ደግሞ ብሎኳ ብረት ስለሆነ በቧንቧ ውሃ የተነዳች ከሆነ ውስጧ ዝጓል። ክዳኑን ስትከፍት ቡና የመሰለ ውሃ ካየህ ምስጢሩ እሱ ነው። ኩላንት ተጠቀም፣ በንጹሕ ውሃ ግማሽ በግማሽ።

ስለ ቴርሞስታትም አንድ ነገር ልበል። አሮጌዋን ስገዛ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ነበር። ያወጣው ጋራዥ «ለሀገራችን ሙቀት አያስፈልግም» ብሎ ነው አሉ። የትኛው ሙቀት? ጎንደር ላይ በክረምት ጠዋት? ሰማያዊው መብራት ከማራኪ ፒያሳ እስክደርስ አይጠፋም ነበር። ሞተሩ ካልሞቀ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ጨምሮ ይረጫል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ፍጆታው ይጨምራል። አዲስ ቴርሞስታት ሲገባላት ሌላ መኪና ሆነች።

ዘይት ላይ እንምጣ። ሁለቱም የሚይዙት ሦስት ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ከበላች ሲሶው ሄደ ማለት ነው። የባለ ሦስቷ ደካማ ጎን እዚህ ጋ ነው። ዘይት ዘግይቶ የሚቀየርላት ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) በካርቦን ይያዝና ዘይት መጠጣት ትጀምራለች። ጭሱ መጀመሪያ ላይ አይታይም። የዘይት መብራቱም የዘይት መጠንን ሳይሆን ግፊትን ነው የሚናገረው፤ እሱ እስኪበራ ከጠበቅክ አልቆልሃል። የዘይት መለኪያዋን እየሳብክ እይ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር፤ አቧራችንንና የቤንዚኑን ነገር አስብና አታራዝም። ዓይነቱ 5ደብሊው-30 ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ 20ደብሊው-50 ይሞሉልሃል፤ «ወፍራም ይሻላል» እያሉ። የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለውና ካቴናውን (ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስኬደውን ሰንሰለት) የሚወጥረው ክፍል በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው፤ መተላለፊያው ቀጭን ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ቶሎ አይደርስለትም። እንዲያውም ሻጩ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ከሆነ የሚደብቀው ነገር አለ ብለህ ጠርጥር።

ሁለቱም በካቴና ነው የሚሠሩት፣ የጊዜ ቺንጋ ቀይር የሚባል ነገር የለም። ይህ ማለት ግን ካቴናው ዘላለማዊ ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ስታስነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ የብረት ድምፅ ከሰማህ ካቴናው ወይም መወጠሪያው እየሄደ ነው። ማኑዋሏን የምትገዛ ሰው ካለህ ደግሞ ይህን ንገረው፦ ዳገት ላይ በማርሽ ብቻ አያቁም። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትጎትተው ሞተሩ በተቃራኒ ሊዞር ይችላል። የተለጠጠ ካቴና በዚያ ጊዜ ጥርስ ሊዘል ይችላል። የእጅ ፍሬን ይቅደም።

የባለ ሦስቷ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮዋ ነው። ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሩ ሲሠራ) መሪው ትንሽ ቢርገበገብ አትደንግጥ። ጥርስ የሚያስነቅል ከሆነ ግን የሞተር መሸከሚያው ጎማ አልቋል ወይም አንዱ ሲሊንደር አይሠራም። አንድ ካንዴላ ወይም ኮይል ሲሞት ከሦስቱ ሲሊንደር አንዱ ሥራ ያቆማል፣ ወዲያው ያስታውቃል። ቤንዚን በሃይላንድ ከመንገድ የምትገዛ ከሆነ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ እያወጣህ እይ። ነዳጅ ሰልፍ ሰልችቶህ ታንከሩን ባዶ አድርገህ አትንዳ፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ፖምፓ የሚቀዘቅዘው በራሱ በቤንዚኑ ነው።

አሁን ልትፈትናት ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ለሻጩ ቀድመህ ደውልና ሳያስነሳት ጠብቀኝ በለው። ሞተሩን ንካው፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለስ። ቁልፉን ስትከፍት የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት፣ ስታስነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን አውጥተውታል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ጫንና ወደ ጎሃ ኮረብታ ውጣ። ላይ ደርሰህ ሞተሩን ሳታጠፋ አቁም፤ ማራገቢያው መነሳቱንና መልሶ መቆሙን አዳምጥ። ስትወርድ ማርሹን ዝቅ አድርገህ እግርህን ከቤንዚን ላይ አንሳ። ታች ስትደርስ ድንገት ርገጥ፣ ጓደኛህ ከኋላ ይይ። ሰማያዊ ጭስ ቡን ካለ ዘይት እየበላች ነው። ደላላው «ቆማ ስለከረመች ነው» ይልሃል። ስቀህ እለፈው።

ሲቪቲውን ደግሞ ከቆመችበት ቀስ ብለህ ስትነሳ እያት። ከተንዘፈዘፈች ወይም ካመነታች ተዋት፤ እሱን የሚጠግን ሰው እዚህ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዘይቱም ለሲቪቲ የተሠራው ብቻ ነው፣ የተራ ኦቶማቲክ ዘይት ጨምረውበት ከሆነ ካምቢዮውን ጎድተውታል። በዚህ በኩል አሮጌዋ ትበልጣለች። ባለ አራት ማርሽ ተራ ኦቶማቲክ ስለሆነች ብዙ መካኒክ ያውቃታል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እዚሁ ያሉት ናቸው የሚገላበጡት፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ጎሃን በሰላም ወጥተው ከወረዱ እኔ የ2007ቷን እወስዳለሁ፣ በቤንዚን ትቆጥባለች። ሲቪቲዋ ትንሽ ካጠራጠረህ ግን ያለ ክርክር አሮጌዋን ግዛ። የገዛኸው ዕለት መጀመሪያ አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ኩላንት፣ ዘይትና ፊልትሮ አስገባ። የወንበር ልብሱ ይቆይ።