ጅማ ያለው ውሻችሁ እብጠት ካወጣ፦ ሁለተኛ ሐኪም ስትፈልጉ

ከቤት በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩ «ካንሰር ነው፣ ይቆረጥ ተባለ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል። ውጭ አገር ያለው ዘመድ ወዲያው ፎቶውን ለሚያውቀው ሐኪም ሁሉ ያስተላልፋል። ይህ ብዙ አይጠቅምም። ምንም ጉዳት የሌለው የስብ እጢም ሆነ ማስት ሴል የሚባለው ካንሰር ከቆዳ ሥር ለስላሳ ሆኖ ሊቀመጥ ስለሚችል በፎቶ ብቻ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ሐኪም የሚፈልገው ናሙናና የተጻፈ ታሪክ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ያሉት በመጀመሪያው ሐኪም እጅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር አትጣሉ። ደውላችሁ በአክብሮት «ዶክተር፣ ናሙናውን ሌላ ሰውም እንዲያይልን እንፈልጋለን፤ እርስዎ ቢያስተባብሩልን» በሉት። አብዛኛው ሐኪም ቅር አይለውም፤ ቅር የሚለው ሳይነገረው ውሻው ሌላ ክሊኒክ መሄዱን ሲሰማ ነው።

ስትደውሉ ከሁሉ በፊት «ዴክሳሜታዞን ተወግቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዴክሳሜታዞን እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ እብጠት ለታየበት ውሻ ከአንቲባዮቲክ ጋር እሱን መውጋት የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ማስት ሴልንም የንፍፊት ካንሰርንም ለጊዜው ያሟሽሻል። ቤተሰቡ «ዳነ» ብሎ ይደሰታል፣ በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ይመለሳል፣ በመሃል የተወሰደው ናሙና ግን ለሚመረምረው ሰው ግራ የሚያጋባ ይሆናል። ከተወጋ መቼ፣ ስንት ሚሊ ሊትር የሚለው በጽሑፍ ይያዝ። ካልተወጋ ናሙና ሳይወሰድ እንዳይወጋ ለምኑ።

ቤት ያለው ሰው ደግሞ የሚሠራው ሥራ አለው። እብጠቱን በየሳምንቱ በማስመሪያ በሴንቲሜትር ይለካ፤ ማስመሪያው ከጎኑ ሆኖ ፎቶ ይነሳ። በጣት ሲነካ ከቆዳው ጋር ይንሸራተታል ወይስ ከሥር ተጣብቋል? ይሞቃል? አንድ ቀን አብጦ በማግስቱ ይቀንሳል? የመጨረሻው የማስት ሴል ጠባይ ስለሆነ መጫንና ማሸት አያስፈልግም። ከመንጋጋ ሥር፣ ከትከሻ ፊት፣ ከኋላ ጉልበት ጀርባ ያሉትን ንፍፊቶችም በሁለቱም ጎን ይዳስስ፤ ሁሉም አብጠው ከተገኙ ጉዳዩ የአንድ እባጭ ጉዳይ አይደለም፣ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ለቀሪዎቹ እብጠቶች ሐኪሞች የሚሠሩበት ደንብ ቀላል ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር የደረሰና አንድ ወር የቆየ እብጠት በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይታያል።

ሁሉም እብጠት ዕጢ አይደለም። መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ የሚመስል እባጭ የዝንብ እጭ ሊሆን ይችላል፤ እጩ በቀዳዳዋ ይተነፍሳል። ሰሞኑን ክትባት በተወጋበት ቦታ የወጣ ትንሽ ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሌሊት ከጅብ ወይም ከሰፈር ውሻ ጋር የተጣላ ውሻ ላይ ትኩስና የሚያም እብጠት ከታየ መግል መጠርጠር ነው። በጋለ ብረት መተኮስ ግን ለየትኛውም አይሠራም፤ ቁስል ጨምሮ ናሙናውን ያበላሻል።

የመርፌ ናሙና ርካሽ ነው፤ ማደንዘዣም እምብዛም አይጠይቅም። 22 ወይም 23 ጌጅ መርፌ፣ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ስድስት ያህል ንጹሕ ስላይድ (ናሙና የሚዘረጋበት ጠፍጣፋ መስታወት) ይበቃል። መርፌው ከሦስትና ከአራት አቅጣጫ ይገባል፤ ከመውጣቱ በፊት የሲሪንጁ መሳብ ይለቀቃል፣ አለዚያ ናሙናው በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ስላይዱ ላይ ተዘርግቶ ወዲያው በአየር መድረቅ አለበት። በጅማ ክረምት ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሴሎቹም ይኮማተራሉ፤ እያወዛወዙ ማድረቅ ይረዳል። ዝንብ ስላይዱን ትልሳለችና ይሸፈን። ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ) ያለበት ዕቃ አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ እንፋሎቱ ብቻ ናሙናው ለምርመራ የሚቀባውን ቀለም ያበላሸዋል። ውሻውን የሚይዘው የሚያምነው ሰው፣ ዘበኛውም ሊሆን ይችላል፤ አፉ ግን በፋሻ ይታሰር። የእብድ ውሻ ክትባት ካርዱም ከእሱ ጋር ይሂድ።

ናሙናውን ለማስነበብ ቅርቡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ውሻው ተጭኖ ከመሄዱ በፊት ፓቶሎጂ (ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) ላይ ስላይድ የሚያነብ ሰው በዚያ ቀን መኖሩን ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል። ቀጥሎ ያለው አማራጭ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ቢሾፍቱ ሌላ 45 ስለሆነ የታመመ ውሻን በመኪና ከማንገላታት ስላይዱን በሚሄድ ሰው እጅ መላክ ይበልጣል። ቀናት የሚወስድ ከሆነ ሴሎቹ እንዳይበላሹ ከመላኩ በፊት በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ይነከር። ስላይዱ ላይ የውሻው ስም፣ ቀንና የእብጠቱ ቦታ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በቀለም ማጠቢያው ይለቃል።

ተቆርጦ ከወጣ ሥጋው አይጣል! ቤተሰቡ ለቀዶ ጥገና ከፍሎ ዕጢው ቆሻሻ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ሐኪም ቢገኝም የሚያየው ነገር የለውም። አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ፣ አሥር በመቶ ፎርማሊን፣ ፈሳሹ ከሥጋው አሥር እጥፍ። ትልቅ ከሆነ ፎርማሊን እንዲገባው በአንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ይሰንጠቅ፣ አለዚያ መሃሉ ይበሰብሳል። የጡት እብጠት ላይ ይህ የግድ ነው፤ መርፌ ብቻውን ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጥም።

እንደ ልቡ ውጭ የሚዞር ውሻ ብልቱ ወይም አፍንጫው ላይ የአበባ ጎመን የመሰለ፣ ደም የሚያንጠባጥብ እብጠት ካወጣ ሐኪሙ ቲ ቪ ቲ ይጠረጥራል። በጾታ ግንኙነትና በመላስ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ነው፤ ሰውን አይዝም። ስሙ ቢያስፈራም ከውሻ ካንሰሮች በቀላሉ ከሚድኑት አንዱ ስለሆነ «ይገደል» የሚል ምክር ከመጣ ሁለተኛ አስተያየት በእርግጥ ያስፈልጋል። ሕክምናው ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት ነው፤ በሳምንት አንዴ በደም ሥር፣ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። መጠኑ በሰውነት ስፋት በካሬ ሜትር ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ወደ 0.4 ወይም 0.5 ሚሊ ግራም ይመጣል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድላልና ልምድ የሌለው ሰው አይውጋው። በየመርፌው ፊት ነጭ የደም ሴል ይቆጠር። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት እርጉዝ ሴትና ሕፃናት ሽንቱን አይንኩ።

እናንተ ባላችሁበት አገር ያለ ሐኪም ውሻውን በእጁ ሳይመረምር መድኃኒት እንዳያዝዝ ሕጉ በብዙ ቦታ ይከለክለዋል። የስላይድ ፎቶ በማይክሮስኮፕ ተነስቶ ከታሪኩ ጋር ሲላክለት ግን ለጅማው ሐኪም ምክር መስጠት ይችላል፤ ንግግሩ ሐኪም ለሐኪም ቢሆን ይመረጣል። ለበዓል የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ፎርማሊን ያለበት ናሙና እንዳይዝ፤ አየር መንገዱ ሊከለክለው ይችላል። ወደ ጅማ በምትልኩት ዕቃ ውስጥም አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ «ለውሻውም ይሁን» ተብሎ እንዳይገባ፤ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያጠፋሉ።