140 የኮንትራት ሠራተኞችን ለኤጀንሲ ከማስረከብሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ፋብሪካችሁ 140 ኮንትራትና ጊዜያዊ ሠራተኞች እንዳሉት፣ አለቃሽም «ሁሉንም በራሱ ስም ቀጥሮ ሠራተኛ ለሚያቀርብ ኤጀንሲ ሰጥተን እንገላገል» እንደሚል ጽፈሽ የሞከረ ሰው ምክር ጠይቀሻል። እኔ ዱከም አካባቢ ባለ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ሆኜ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽቶብናል፣ ሁለተኛው እየሠራ ነው።

መጀመሪያ ኤጀንሲ የመረጥነው በዋጋ ብቻ ነበር። ውሉ «በአንድ ሠራተኛ በወር ይህን ያህል ብር» ይላል፤ ከዚያ ውስጥ ለሠራተኛው ስንት እንደሚደርስ አይናገርም፣ እኛም አልጠየቅንም። በአራተኛው ወር፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት፣ አንዲት የማሸጊያ ሠራተኛ ስልኳ ላይ የመጣውን የባንክ መልእክት ይዛ ቢሮዬ ገባች። «እናንተ ናችሁ የቆረጣችሁብን ወይስ እነሱ?» አለችኝ። የገባላት ብር እኛ ለእሷ ከከፈልነው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ሁለት እሑድ ሠርታለች፣ በሕጉ በእጥፍ የሚታሰብላት ነው፤ አንዱም የለም። የጡረታዋን ስናጣራ 7 በመቶው ከደሞዟ ተቆርጧል፣ ገቢ ግን አልተደረገም። የምመልስላት አጣሁ። በወረቀት አሠሪዋ ኤጀንሲው ነው፤ እሷ የምታውቀው ግን የእኛን በርና የእኛን ሱፐርቫይዘር ነው። በዚያው ሳምንት ከማታው ፈረቃ አሥራ አንድ ሰው ቀረብን፣ አንድ መስመር ቆመ።

ስለዚህ ዋጋው በየክፍሉ ተዘርዝሮ ይቅረብላችሁ። ለምሳሌ ደሞዙ 6,000 ብር ቢሆን፣ የአሠሪው ጡረታ 11 በመቶ 660 ብር ነው። የኤጀንሲው ኮሚሽን ከደሞዙ 10 በመቶ ቢሆን 600 ብር፤ ድምሩ 7,260። 15 በመቶ ቫት በጠቅላላው ላይ ከታሰበ 8,349 ይሆናል፣ በኮሚሽኑ ላይ ብቻ ከታሰበ 7,350። ለእኛ ሁለት ተጫራቾች በሁለቱም መንገድ አስልተው አምጥተዋል። በ140 ሰው ሲባዛ ልዩነቱ በወር 140 ሺህ ብር ገደማ ስለሆነ፣ ሳትፈርሙ ከታክስ ባለሙያ የጽሑፍ መልስ ያዙ።

አለቃሽ መገላገል የፈለገው በየሦስት ወሩ ውል ማደሱን ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አብራችሁ አንብቡት። አንቀጽ 9 የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፦ ወቅታዊ ሥራ፣ በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሰው መተካት፣ የመሳሰሉት። ዓመቱን ሙሉ አንድ መስመር ላይ የሚቆም ሰው ጊዜያዊ አይደለም፣ እንዲህ ብሎ መጥራቱም ልክ አይመስለኝም። እኛ 38 ሰው ቋሚ አድርገን የቀረውን ብቻ ነው ለኤጀንሲ የሰጠነው። ስታሸጋግሩ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዳቸውን ሒሳብ መዝጋት እንዳትረሱ።

ሁለተኛው ውላችን ላይ ትልቁ ለውጥ አንድ ነው። ኤጀንሲው የወሩን ደረሰኝ ሲያመጣ ፔሮሉን (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝሩን)፣ ደሞዝ የገባበትን የባንክ ዝርዝርና ጡረታ ገቢ የተደረገበትን ማስረጃ ካላያያዘ ክፍያ አይወጣለትም። ፋይናንስ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ አሁን ለምዶታል። ጓንትና የደህንነት ጫማ ማን እንደሚያቀርብም ተጽፏል። ሰው ሲጎዳ ደግሞ ወዲያው እኛ ሆስፒታል እናደርሳለን፤ የሒሳቡ ንግግር ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሕጉ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፣ በመሀል ያለው ደላላ ግን ይቀበላል። እኔ አዲስ የሚገባውን ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ለብቻው አስቀምጬ «ለመግባት ለማን ከፈልክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው መስከረም ሁለት ልጆች የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ግማሽ ሊሰጡ ደላሎች ቃል እንዳስገቧቸው ነገሩኝ። ለኤጀንሲው በደብዳቤ አሳወቅን፣ የወሩ ደሞዝ ሙሉውን በየሒሳባቸው ገባ። የደብዳቤውንና የውሉን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።