ቶርኖውን ልሽጠው ወይስ ይዤው ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቄራ አካባቢ ተከራይቼ ብረት እያዞርኩ የምልጥባት ቶርኖ ቤት አለችኝ። አከራዬ ቦታውን ሊሸጡት ስለሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንድለቅ ነግረውኛል። ከባለቤቴ ጋር ተማክረን አዳማ ልንገባ ነው። ቤተሰቦቿ እዚያ ናቸው፣ ግቢያቸውም ሰፊ ነው። የጨነቀኝ የማሽኖቹ ነገር ነው። 1ኬ62 የሚባለው የሩሲያ ቶርኖ፣ አንድ ፍሬዛ (ጥርስና ቦይ የሚቆርጥ)፣ የቁም ትራፓኖ (መብሻ)፣ የብረት መጋዝና ሁለት የብየዳ ማሽን አሉኝ። ቶርኖውን የገዛው አባቴ ነው፤ ሙያውንም ያስተማረኝ በእሱ ላይ ነው። አንድ ደላላ ሁሉንም ጠቅልሎ የሚወስድ ገዢ አምጥቷል። ወንድሜ «ሽጠህ አዲስ የቻይና ማሽን ግዛ» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ «የአባትህን ዕቃ ሸጠህ በኋላ ይቆጭሃል» ትላለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደላላውን «ትንሽ ታገሠኝ» በለው። ማሽኑን ጠቅልሎ የሚሸጥ ሰው የቸኮለ ሰው ነው፤ ገዢም ይህን ያውቃል። ሁሉም ባንድ ዋጋ ሲጠራ ጥሩው ማሽን በመጥፎው ዋጋ ይሄዳል። እያንዳንዱን ለብቻው እንየው።

ከማሽኖቹ በፊት ግን መብራት። የ1ኬ62 ዋና ሞተር 10 ኪሎዋት ነው፣ በስሪ ፌዝ (በባለ ሦስት መስመር መብራት) 380 ቮልት የሚሠራ። የአማቶችህ ቆጣሪ እንደ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ከሆነ በእሱ አትሠራበትም። ሲንግል ፌዙን ወደ ስሪ ፌዝ በሚቀይር ኢንቨርተር ይነሳል የሚሉህ ይኖራሉ። ለትንሽ ሞተር፣ ለምሳሌ 2 ኪሎዋት ለማይሞላ ትራፓኖ፣ እውነት ነው። ለ10 ኪሎዋት ግን የቤቱ መስመር ራሱ አይችልም። ስለዚህ አሁኑኑ አዳማ ሂድ። ኤሌክትሪክ አገልግሎት ገብተህ ለዚያ ግቢ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ይፈቀዳል ወይ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅ። በቃል መልስ አትመለስ፣ ማመልከቻ አስገባ። በዚያው ወረዳው ዘንድ ጎራ ብለህ ለቦታው የንግድ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ እወቅ። ካልሆነ መንገድ ዳር ስሪ ፌዝ ያለው ቤት መከራየት ይሻልሃል።

አሁን ወደ ቶርኖው። እኔ አትሽጠው ነው የምልህ። ለአባትህ ብለህ እንድትሸከመው አይደለም፤ ሒሳቡን ስለማየው ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ማሽን የሚገባው ደግሞ በዶላር ነው። አንተ በአሮጌ ዕቃ ዋጋ ሸጠህ በአዲስ ዶላር ልትገዛ ነው። በዚያ ገንዘብ የምታገኘው ማሽን ትንሹና ቀላሉ ነው። የአንተው ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ወፍራም ሻፍት (ክብ ዘንግ) አስረህ ጠለቅ አድርገህ ስትልጥበት ንቅንቅ አይልም። ቀላሉ ማሽን ላይ ያንኑ ብትሞክር መቁረጫው ይንጫጫል፣ ብረቱም ላይ ሞገድ ይተዋል። ከአልጋው (ሐዲድ ካለው ረጅም አካሉ) በላይ 400 ሚሊሜትር ስለሚያዞር የአይሱዙ የፍሬን ታምቡር ይገባበታል። አዳማ ደግሞ የጂቡቲ መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት ያልፋል፣ ያድራል፣ ይበላሻል። ወፍጮ ቤቱ አለ፣ በወንጂ በኩል የመስኖ ፓምፑ አለ። የሚመጣልህ ሥራ የትልቅ ቶርኖ ሥራ ነው።

አንድ የማውቀው ጎበዝ ባለሙያ ቶርኖውን ሸጦ ሌላ ከተማ ገባ። ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለቀለብ አለቀ። ዛሬ በሰው ማሽን ላይ በቀን ሒሳብ ይሠራል። ይህን ስጽፍልህ እሱ ከዓይኔ አይጠፋም።

ሆኖም ማሽኑን ሳትፈትሽ እንዳትጭነው። ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ሻፍት እሰርና በስሱ አንድ ጊዜ ላጠው። ሁለቱን ጫፎችና መሃሉን በማይክሮሜትር ለካ። ልዩነቱ ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ከሆነ ማሽኑ ገና ያበላሃል። ቀጥለህ አልጋውን ጥረግና ከቸኩ (ብረቱን ይዞ ከሚያዞረው) አጠገብ ጥፍርህን በሐዲዱ ላይ አሳልፈው። ማሽን ቶሎ የሚበላው እዚያ ነው፤ መቁረጫውን የሚሸከመው ሠረገላ ሁልጊዜ የሚመላለሰው በዚያ ነውና። ጥፍርህን የሚይዘው ደረጃ ምን ያህል እንደተበላ ይነግርሃል። ብዙ የሠራ ቶርኖ ያለ እሱ አይገኝም፤ ትንሽ ከሆነ አያስደንግጥህ። በመጨረሻ ፍጥነቶቹን አንድ በአንድ እያስገባህ የጊሩንና የኩሽኔታውን ድምፅ ስማ። ጊሩ ተሰባብሮ አልጋውም ክፉኛ ተበልቶ ካገኘኸው ያኔ ሽጠው። ግን ጠግኖ ለሚሠራበት ሰው ሽጠው እንጂ ለቁርጥራጭ ብረት በኪሎ አትስጠው። ባለቤትህ የምትለውም ይገባኛል። ቶርኖው ቢሸጥ እንኳ የአባትህን ሞርሳ፣ ካሊፐርና ማይክሮሜትር ማንም እንዳይነካብህ።

ፍሬዛውን ደብተርህ ይፍረድ። ባለፈው ዓመት ጊር ያስቆረጠህ፣ የቁልፍ ቦይ ያሠራህ ሰው ስንት ነው? ሥራ ካለው አብሮህ ይሂድ። ዕቃ መደርደሪያ ሆኖ ከከረመ ሽጠው፤ ገንዘቡ ለስሪ ፌዙና ለክሬኑ ይሆንሃል። መጋዙን ሽጥ፤ ለጊዜው በመቁረጫ ግራይንደር ትሠራለህ። ትራፓኖውንና ብየዳዎቹን ይዘህ ሂድ። ቶርኖው እስኪተከል ድረስ እንጀራ የምታገኘው በብየዳ ነው። የምትሸጠውን ሁሉ መብራት ሳይቆረጥ ሽጥ። ገዢ ሲሠራ ያየው ማሽንና ተነቅሎ የተጋደመ ማሽን ዋጋቸው ለየቅል ነው።

ስለ መጫኑ ትንሽ ላርዝምብህ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በጉልበት ሠራተኛ ብዛት አታንሳው። ከቤት እስከ በር ድረስ ከሥሩ ቧንቧ አግብተህ በዲጅኖ ቀስ እያደረግህ አንከባለው፣ መኪና ላይ የሚያወጣው ግን ክሬን ይሁን። ክብደቱ ያለው በጊር ሳጥኑ በኩል ስለሆነ ሠረገላውንና የጀርባ መደገፊያውን ወደ ሌላው ጫፍ ገፍተህ እሰራቸው። ገመዱ አልጋውን ይያዝ፤ ፊት ለፊት ያለውን ጥርስ ማውጫ ረጅም ዘንግ ከነካው ያጣምመዋል። ሲነሳ ከሥሩ ማንም አይቁም። ወሩ ሰኔ ስለሆነ አልጋውን ግሪስ ቀባውና በሸራ ሸፍነው። ሽቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳቸው።

አዳማ ስትደርስ የሚያርፍበት ኮንክሪት ወፍራም ይሁን፤ በደንብ ሳይደርቅም አትትከለው። ውኃ ልኩን በርዝመቱም በወርዱም እያየህ አስተካክለው። አልጋው ትንሽ ከተጠማዘዘ የምትልጠው ሻፍት ባንድ ጫፍ ይቀጥናል፤ ሰው ይህን ሲያይ ማሽኑ አረጀ ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ቸኩ ላይ ምንም ሳታስር አስነሳው። ወደ ኋላ ከዞረ መብራቱን አጥፋና ከሦስቱ የፌዝ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይር። ጥቂት ሳምንት ከሠራህበት በኋላ ውኃ ልኩን መልሰህ እየው፤ አዲስ ኮንክሪት ላይ ማሽን ትንሽ ይሰምጣል።