«ተጨማሪ አንብብ» የምትለው ቁልፍ ሥራ ታስገኛለች?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎች ስል ባጭሩ ልድገመው። ፍሮንት ኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል መሥራት) ተምረሽ ጨርሰሻል። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ያሉት ቱዱ ሊስት፣ ካልኩሌተርና የአየር ሁኔታ ማሳያ ናቸው። ሁለት ቦታ ኢንተርቪው ተጠርተሽ አልሆነልሽም። አሁን ረጅም ጽሑፍን አሳጥሮ የሚያሳይ፣ ሲነኩት ሙሉውን የሚዘረጋ ኮምፖነንት፣ ማለትም በየገጹ ሊገባ የሚችል የገጽ ቁራጭ፣ ሠርተሻል። ጓደኞችሽ ግን «ይቺማ ሃያ መስመር ኮድ ናት፤ ይልቅ ሙሉ የኦንላይን መሸጫ ሥሪ» አሉሽ። ማንን ልስማ ነው ያልሽኝ።

እኔ አትተያት ባይ ነኝ። ጓደኞችሽም ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም። የላክሽልኝን ኮድ አየሁት፤ ጽሑፉን 150ኛው ፊደል ላይ ቆርጦ ሦስት ነጥብ ይለጥፍበታል። ይህን ማንም ይሠራዋል። ቀጣሪ የሚያይልሽ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

150 ፊደል ሰፊ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ቢሆን፣ ስልክ ላይ አምስት ስድስት ይሆናል። ቃልም መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ጃቫስክሪፕት አንዱን የግዕዝ ፊደል 1 ብሎ ይቆጥራል፤ ብዙውን ኢሞጂ ግን 2 ወይም ከዚያ በላይ። መቁረጫው ኢሞጂው መሃል ካረፈ ሰው የሚያየው የተሰባበረ ምልክት ነው። ጽሑፉ ውስጥ ሊንክ ካለማ ታጉን (ሊንኩን የሚሠራውን የኤችቲኤምኤል ምልክት) ለሁለት ትሰነጥቂዋለሽ።

ስለዚህ መቁረጡን የገጹን መልክ ለሚወስነው ቋንቋ፣ ለሲኤስኤስ ስጪው። ላይን-ክላምፕ የሚባለው በፊደል ሳይሆን በመስመር ብዛት ያሳጥራል። አጻጻፉ ከነ«ዌብኪት» ቅድመ ቅጥያው ትንሽ ያስጠላል፤ ቢሆንም ፋየርፎክስ ሳይቀር ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብሎታል።

ጽሑፉ አጭር ከሆነስ? ሁለት መስመር ጽሑፍ ሥር «ተጨማሪ አንብብ» ብሎ፣ ሲነኩት ምንም የማይመጣበት ገጽ ሳያጋጥምሽ አይቀርም። የጽሑፉን ሙሉ ቁመት ከሚታየው ቁመት ጋር አወዳድሪ። ስክሮል-ሃይት (ሙሉው) ከክላየንት-ሃይት (የሚታየው) ሲበልጥ ብቻ ቁልፏ ትታይ። ስልክ ሲዞር ስፋቱ ስለሚቀየር መጠን ሲቀየር የሚያሳውቀውን ሪሳይዝ-ኦብዘርቨር አድርጊና እንደገና ለኪ። አንድ ወጥመድ አለ ግን። ጽሑፉ ከተዘረጋ በኋላ ሁለቱ ቁመቶች እኩል ይሆናሉ። ያኔ ከለካሽ «አሳጥር» የሚለው ቁልፍ ራሱ ድራሹ ይጠፋል! እኔም ኮድ እጽፍ በነበረበት ጊዜ በዚህች ነገር ግማሽ ቀኔን በልታኛለች።

ቀጥሎ ማየት የተሳናቸውንና በኪቦርድ ብቻ የሚሠሩትን አስቢ። ቁልፏ የምር በተን ትሁን፤ ክሊክ የተለጠፈበት ዲቭ (ተራ ሳጥን) አትሁን። አሪያ-ኤክስፓንድድ ጨምሪባት፤ ስክሪን ሪደሩ (ገጹን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) መዘርጋቷንና መታጠፏን የሚያውቀው በእሱ ነው። ላይን-ክላምፕ የሸፈነውን ጽሑፍ ስክሪን ሪደር ያነበዋል፤ በዓይን የጠፋው ከገጹ አልወጣምና። በዚያው ልክ የተሸፈነው ክፍል ውስጥ ያለ ሊንክ ታብ ሲጫኑ ፎከስ (የኪቦርዱን ተራ) ይይዛል፤ ሰውየው የት እንዳለ አያይም። ይህን እንዴት እንደፈታሽው ሪድሚው (ከኮዱ ጋር የሚሄደው ማብራሪያ) ላይ ጻፊው። ከኮዱ ይልቅ እሷን አንቀጽ የሚያነቡ ጠያቂዎች አሉ።

«ደጋግሞ መጠቀም የሚቻል» ብለሻታል፤ ግን ቁልፏ ላይ ያለውን ቃል ኮዱ ውስጥ ቸንክረሽዋል። አንዱ «አንብብ» ይፈልጋል፣ ሌላው «አንብቢ»፣ ሦስተኛው «ያንብቡ»። ቃሉና የመስመሩ ብዛት ከውጭ ይምጡ። ከዚያ በላይ ግን አታብዢ፤ ሃያ ፕሮፕ (ከውጭ የሚሰጥ ምርጫ) ያላት ኮምፖነንት የባለቤቷን አለመወሰን ነው የምታሳየው። አኒሜሽኑን ለጊዜው ተይው።

ሲቪሽ ላይ «የሪአክት ኮምፖነንት ሠራሁ» ብቻ አትበዪ። እንዲህ በዪው፦ «ጽሑፍን በመስመር ብዛት የሚያሳጥር፣ የስክሪን ስፋት ሲቀየር ራሱን የሚያስተካክል፣ በኪቦርድና በስክሪን ሪደር የተሞከረ ኮምፖነንት፤ ከነቴስቱና ከነዴሞው።» ያልሞከርሽውን ግን እንዳትጽፊ። አንድ ጥያቄ ይበቃል ለመጋለጥ።

ኢንተርቪው ላይ «ኤችቲኤምኤል የራሱ ዲቴይልስ አለው፤ ለምን እሱን አልተጠቀምሽም?» ሊሉሽ ይችላሉ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ዲቴይልስ ሲታጠፍ ከርዕሱ በስተቀር ሁሉንም ይደብቃል፤ አንቺ የፈለግሽው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች እንዲታዩ ነው። ለጥያቄና መልስ ገጽ ቢሆን ግን እሱን እመርጥ ነበር ብትያቸው ደግሞ የበለጠ ያምኑሻል።

የጓደኞችሽ መሸጫ ይቆይ። ስትደርሺበት የዕቃ መግለጫውም የደንበኛ አስተያየቱም ይህችኑ ኮምፖነንት ይጠቀማል።

ለጊዜው ግን ማውዙን ንቀዪና ዴሞውን በታብና በኢንተር ብቻ ዞሪበት። የተጣበቅሽበት ቦታ ካለ ጻፊልኝ።