ለፈተና ብለው ሌሊቱን ለሚያነጉ ልጆች

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ማታ ጫት ቅሜ ሳነብ ሁሉም ይገባኛል፤ ጠዋት ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ባዶ ነኝ። አእምሮዬ ተጎድቶ ይሆን?»

ልጄ፣ አንጎልህ ሥራውን እንዳይጨርስ ከልክለኸው ነው። ጥያቄህ ግን የሕክምና ሙያ እስከ ዛሬ የሚቆጭበትን አንድ ሰው አስታወሰኝ።

ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ሲያሰቃየው ኖሮ፣ በ27 ዓመቱ ሥራ መሥራት እንኳ አቃተው። በ1953 እ.ኤ.አ. ዊልያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም ከግራም ከቀኝም፣ በጆሮ ግንዱ በኩል ካለው የአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል ሂፖካምፐስ የሚባለውን ትንሽ አካል ሰፊ ድርሻ አወጣለት። በሽታው ቀለል አለ። ሄንሪ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። በልቶ መብላቱን ይረሳል፤ ያነበበውን መጽሔት እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ ለዓመታት ያጠናችውን ብሬንዳ ሚልነርን በመጣች ቁጥር እንደ እንግዳ ይቀበላታል። የልጅነቱን ያወራል፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ቀልድም ያውቃል። ሚልነር እጁን በመስታወት ብቻ እያየ በሁለት መስመሮች መካከል ኮከብ እንዲስል አደረገችው። በ3 ቀን ውስጥ እጁ ለመደው፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት መሞከሩ ትዝ አይለውም። ስኮቪል ራሱ ሌላ ሐኪም ይህን ቀዶ ጥገና እንዳይደግመው አስጠንቅቋል። ለሄንሪ ግን የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ በ2008 እስኪያርፍ 55 ዓመት እንዲሁ ኖረ።

አዲስ ትውስታ በሂፖካምፐስ በኩል እንደሚገባ ከማንም በላይ ያስተማረን እሱ ነው። ያንተ ሂፖካምፐስ በቦታው አለ። ነገር ግን ቀን የያዘውን እየደጋገመ ወደ አንጎል የላይኛው ሽፋን የሚያደላድለው በዋናነት ስትተኛ ነው፤ ይልቁንም በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ በሚበዛው ከባድ እንቅልፍ። አንተ ደግሞ ያን ሰዓት በምርቃና ታሳልፈዋለህ።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ የሚያጣድፈው። ካቲኖን ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉ የአንጎል መልእክት አስተላላፊዎችን ያስለቅቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ የተነበበው ሁሉ የተገለጠ ይመስላል። ይህ የመግባት ስሜት እውነተኛ ነው፤ ስሜቱ ግን ነገሩ ለመያዙ ማስረጃ አይሆንም። እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል።

የዛሬ ወጣት ሰነፍ ነው ሲባል እሰማለሁ። ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ላይ የሚያጎነብስ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ያም ሆኖ ስልክ ትራስ ስር አድርጋችሁ መተኛታችሁ ያናድደኛል፤ ትዕግስታችሁን የሚበላው እሱ ነው።

ፈተናው ሰኞ ከሆነ ዓርብ አንብብ። ቅዳሜ መጽሐፉን ሳትከፍት የምታስታውሰውን በባዶ ወረቀት ጻፍ፤ ከዚያ ከፍተህ የጎደለህን ብቻ መልሰህ እይ። እሑድ እንደዚያው ድገመው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፤ የካፌይኑ ግማሽ ብቻ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተህ ለሊት 11 ሰዓት ተነሣ።

ጫቱን ተው እልሃለሁ፤ ለወራት በየቀኑ ከቃምክ ግን በፈተና ዋዜማ አታቋርጠው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሀራራው፣ ድብርቱና ዱካኩ ስለሚበረቱ ለዕረፍት ስትወጣ ጀምረው።

በአንድ ነገር ግን ኮምጨጭ እላለሁ። ጓደኛህ ለቀናት ሳይተኛ ከርሞ «ይከታተሉኛል» ማለት ከጀመረ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ አትከራከረው፣ ብቻውንም አትተወው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰደው። ጫቱ ከቆመና በጊዜ ከታከመ ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። ቤተሰቡ ጠበል ሊወስዱት ከፈለጉ ይውሰዱት፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። ስንት ቀን እንዳልተኛ፣ ምን ያህል እንደቃመና ምን እንደጠጣ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገረው፤ ምርመራውም መድኃኒቱም የሚወሰነው በዚያ ነው።