ፑኖ ላይ ሁለት ቀን፦ ደሴቶቹ ወይስ ትንሿ ሙዚየም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ፔሩ እሄዳለሁ። ቲቲካካ ሐይቅ ዳር ያለችው ፑኖ ላይ ሁለት ነፃ ቀን አለኝ። ጓደኞቼ «ተንሳፋፊዎቹን ደሴቶች እይ፤ ትንሽ ሙዚየም ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። እርስዎ ሄደው ስለነበር ይምከሩኝ።
የታንኳ ሠሪው ልጅ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

መልስ፦ የሽምብጡ ልጅ፣ መጀመሪያ ትንፋሽህን አስብ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፑኖ ከ3,800 ታልፋለች። ከጉና ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደማደር ቁጠረው። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ደረጃ ወጣሁ። መሀል ላይ ቁጭ አልኩ። ሆቴሎቹ የኮካ ቅጠል ሻይ ይሰጡሃል። እዚያው ጠጣ፤ ቅጠሉን ግን ሻንጣህ ውስጥ እንዳትከት፣ አየር ማረፊያ ላይ ጣጣ ነው።

ለዚህም ነው የመጀመሪያውን ቀን ለሙዚየሙ ስጠው የምልህ። ካርሎስ ድሬየር ይባላል፤ ፑኖ የኖረ ጀርመናዊ ሠዓሊ ስም ነው። ካቴድራሉ አጠገብ ስለሆነ ብዙ አያስኬድህም። የሸክላ ዕቃ አለ፣ ከሲዩስታኒ መቃብሮች የወጣ ወርቅም አለ። እኔ ወርቁን ቶሎ አይቼ አንዲት ማሰሮ ፊት ቆምኩ። ጥበቃው ሰዓቱን ያያል። ሳቄ መጣ። ድሮ አስጎብኚ ሳለሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት አንዲት እንግዳ የመጽሐፍ ማኅደር ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀር፣ «ጀልባው እየጠበቀን ነው» እያልኩ ያጣደፍኳት እኔ ነበርኩ። ዘውዶቹን ካየች ምን ቀራት ብዬ!

በማግስቱ ጠዋት ሲዩስታኒ ሂድ። ክብ የድንጋይ ማማዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከታች ጠበው ከላይ ይሰፋሉ። ትንሿ በራቸው ወደ ምሥራቅ ታያለች። የሠሯቸው ሕዝቦች ስም «ቆላ» ነው። ኑሯቸው ግን የደጋ ደጋ! ሙዚየሙ ውስጥ ያየኸው ወርቅ የማን እንደነበር የሚገባህ እዚህ ነው።

ደሴቶቹን ከሰዓት ትደርስባቸዋለህ። የተሠሩበት ሸምበቆ ቶቶራ ይባላል፤ ከእኛ ደንገል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገር ሲነሳ ደንገሉ የሄደው ከጣና ነበር። የቻድ ሐይቅ ሠሪዎች ሠሩለት፤ ሳይደርስ ተበላሸ። በዓመቱ የቲቲካካ ሰዎች ሌላ ሠሩለት። ያኛው ከሞሮኮ ተነስቶ ባርባዶስ ገባ።

ስለዚህ ለአባትህ የቶቶራ ጀልባውን አስተሳሰር ከቅርብ ፎቶ አንሳላቸው። እኔ ያነሳሁትን ሐይቁ ዳር ለአንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ አሳየኋቸው። ስልኩን አዙረው አዩት። «ማሰሪያው ላልቷል» አሉና ወደ ደንገላቸው ዞሩ።