እረኛዋን ሰላም በሏት

ልጆቼ፣ እሑድ ማለዳ ቦርሳችሁን አንግታችሁ፣ ኮፍያችሁን ደፍታችሁ ሚኒባስ ስትጠብቁ አያችኋለሁ። ደስ ትላላችሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ እሑድን ኳስ ሜዳ ወይ አልጋ ላይ ነበር የምናሳልፈው። አሁን እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ ዝቋላ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ተራራ ሁሉ የእናንተ ሆኗል። እሰየው ነው። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። አንድ ሌሊት የሠራሁትን ስህተት ልነግራችሁ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀያሽ ነበርኩ። ቲዮዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተሸክሜ ያልወጣሁት ጋራ ጥቂት ነው። 1 ለ 50,000 ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር መሆኑን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እነግራችኋለሁ። ካርታ ላይ ያለኝ እምነት ያን ሌሊት ጉድ ሠራኝ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ እሑድ። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ልጅ ደወለችልኝ። ወንድሟ ከጓደኞቹ ጋር ለሀይኪንግ ወጨጫ ወጥቶ አልተመለሰም። «ጋሼ፣ እርስዎ አገሩን ያውቁታል» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት ሆነው በሁለት ሚኒባስ ነው የሄዱት። ጠዋት ሲነሱ ተቆጥረዋል። ተራራው ጫፍ ላይ ፎቶ ሲነሱ አልተቆጠሩም። ሲመለሱ መኪና ላይ ሲወጡም አልተቆጠሩም። የፊተኛው መኪና «ከኋለኞቹ ጋር ነው» አለ፤ የኋለኛው ደግሞ «ከፊተኞቹ ጋር ነው»። አየር ጤና ደርሰው ሲወርዱ ነው አንድ ሰው መጉደሉ የታወቀው። በዚህ መሃል ፀሐይ ጠልቃለች። በኅዳር 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ እኛ አገር ደግሞ ምሽት ቀስ ብሎ አይመጣም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድፍን ጨለማ ነው።

በሰበታ በኩል አድርገን ተራራው ሥር ስንደርስ 3 ሰዓት ሆኗል። ለአካባቢው ፖሊስ ነገርን። ቀኑን ሙሉ ሲያጭዱ የዋሉ ገበሬዎች ባትሪና ዱላ ይዘው ወጡ። ማንም «ነገ ሥራ አለብኝ» አላለም። እናትየው መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስልኩን ትሞክራለች። ማግኘት አይቻልም የምትለዋ የማሽን ድምፅ እስከ ውጭ ትሰማለች። ትዘጋለች፣ መልሳ ትደውላለች።

እኔ ካርታዬን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋሁ። እርሳስ አወጣሁ። ልጁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ወርዷል ብዬ ደመደምኩ። የወጡበት መንገድ በዚያ ነው፤ ሰው ሲጠፋበት ወደሚያውቀው ይሳባል፤ ይህን ይመስላል ስሌቴ። አካባቢውን በአራት ከፈልኩት። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ካርታውን ያዩ ነበር።

«ልጁን መጨረሻ ላይ ማን አየው?» አሉኝ።

ጓደኞቹ ጫፉ ላይ አይተውታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም የለም አልኳቸው።

«እረኞቹን ጠየቃችሁ?»

አልጠየቅንም። በኋላ እንጠይቃለን ብዬ ሰዉን ወደ ጫካው ላክሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳቸው ማለት ነው። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያ ጫካ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባልለታል። ቀን ሲያዩት ግሩም ነው፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ጉሬዛው። ሌሊት ግን የባትሪ ብርሃን ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ግንድ ላይ ይቀራል። እየተጣራን ሄድን። እዚህ ላይ ገበሬዎቹ አንድ ነገር አስተማሩን። እኛ ሁላችንም በአንዴ እንጮሃለን፤ እየጮህን እንራመዳለን። እነሱ አንድ ጊዜ ይጣራሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ያዳምጣሉ። የጠፋ ሰው ድምፅ ደካማ ነው። የፈላጊው ጫጫታ ይውጠዋል።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። ተመልሰን ስንመጣ አዛውንቱ አንዲት ልጅ ከነአባቷ ይዘው ጠበቁን።

ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ጨብጣ ቆማለች። በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ አባቷ ይተረጉሙልናል። ልጁን አይታዋለች። ቀይ ቦርሳ አዝሏል። ብቻውን ነበር። ከጫፉ በምሥራቅ በኩል ወርዷል። በዚያ መንገድ የለም ብላ ጮሃበታለች።

«ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ነበረ፤ አልሰማኝም» አለች። ትንሽ ቆየችና ጨመረች። «ሰላምም አላለኝም።»

እኔ በምዕራብ ስፈልግ ልጁ በምሥራቅ ነበር።

በኋላ እንደነገረን ፎቶ ሊያነሳ ከቡድኑ ተነጠለ። ተረተሩ ላይ የከብት መንገድ ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ይዞ ወረደ። የከብት መንገድ ደግሞ ወደ ሰው ቤት ብቻ አይወስድም፤ ወደ ሣርና ወደ ውኃም ይወስዳል። ሲመሽ የአዲስ አበባ መብራት ታየው። ከዚያ ላይ ሲያዩት እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። መብራቱን ተከትሎ ሄደ። በእሱና በመብራቱ መሃል ሸለቆ እንዳለ መብራቱ አይነግረውም። ምንጭ ውስጥ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ራሰ፤ ከድንጋይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አገኘነው። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀምጧል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ነበር። ይህ ደህና ምልክት እንዳይመስላችሁ። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰውነት ገና እየታገለ ነው፤ ሳይሞቀው መንቀጥቀጥ ካቆመ ነገሩ ከፍቷል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ የሚያወራው ይዘባረቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ልጁም «ተዉኝ ልተኛ» ነበር የሚለው።

ሰው ሁሉ ስለ ጅብ ይጠይቀኛል። ጅቡ አለ፤ ግን ብርዱ ይቀድመዋል። የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከመስቀል አደባባይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጣል። በየሺህ ሜትሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ብርድ ሰው ለመግደል በረዶ አያስፈልገውም። እርጥብ ልብስና ንፋስ ይበቃዋል።

እርጥቡን አወለቅንለት፣ በሁለት ጋቢ ጠቀለልነው፣ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ አቅፈውት ተቀመጡ። አንድ ደግ ሰው አረቄ አወጡ። ከለከልኳቸው፤ ቅር አላቸው። አረቄ ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክነዋል። እግሩን ማሸትም አይገባም። ነቃ ሲል ስኳር የበዛበት ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ሰጠነው። ከዚያ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጠው፣ ነጠላ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ተራ በተራ ተሸክመው አወረዱት። ልጁ ዛሬ የልጅ አባት ነው።

ከመጥፋታችሁ በፊት ስላለው ነገር ባጭሩ ልበል። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ጉዞ ግን በልብ አይሆንም። የት እንደምትሄዱ፣ በየት እንደምትወጡ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው በጽሑፍ ተዉ። የአካባቢውን ሰላም ሳትጠይቁ አትነሱ። በየማረፊያው ተቆጠሩ። ከሁሉ ኋላ የሚሄድ አንድ ደጀን ይኑር፤ እሱን ማንም አይቀድመው፣ እሱም ማንንም አይቅደም። 7 ሰዓት ሲሆን ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም ተመለሱ። ፖስት የምታደርጉት ፎቶ ባይኖር ምን ይሆናል? ተራራው የትም አይሄድም።

ከተማው ውስጥ 939 ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ፣ 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከከተማው ከወጣችሁ ግን የምትሄዱበትን ወረዳ ፖሊስ ስልክ ጠዋቱኑ ያዙ።

ከጠፋችሁ ቁሙ። በቃ፣ ቁሙ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ እግር አልቀመጥም ይላል። ወንዝ ተከትሎ መውረድ ያወጣል የሚሉትን አትስሙ፤ የእኛ ደጋ ወንዝ ሳታስቡት ፏፏቴ ሆኖ ገደል ይገባል። ፊሽካ ያዙ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ንፉ፤ ጉሮሮ ቶሎ ይዘጋል፣ ፊሽካ አይዘጋም። ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ኔትወርክ ሲፈልግ ቻርጁን ይጨርሳል፤ ስለዚህ አጥፉትና በየሰዓቱ እየከፈታችሁ ሞክሩ። መደወል እምቢ ሲል አጭር መልእክት አንዳንዴ ሾልኮ ይወጣል። ያላችሁበትን የሚያሳየው ጂፒኤስ ደግሞ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ካርታውን አስቀድማችሁ ጫኑት።

አሜሪካ ውስጥ የአፓላቺያን መንገድ የሚባል የእግር ጉዞ መንገድ አለ። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ አንዲት ልምድ ያላት ተጓዥ ሜይን ውስጥ ለመጸዳዳት ከመንገዱ ወጣ አለች። መመለሻው ጠፋት። ለባሏ መልእክት ጻፈች፤ ኔትወርክ ስላልነበረ አልደረሰውም። ብዙ ሰው ብዙ ቀን ፈለጋት። ድንኳኗን ተክላ ሦስት ሳምንት ከማለፉም በላይ በሕይወት ቆይታ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። አስከሬኗ የተገኘው በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትርቅ። መንገዱ ምልክት አለው፣ ፈላጊዎቹም ሙያተኞች ናቸው። ከመንገዱ ስትወጣ ግን በዚያ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ያያት ሰው አልነበረም።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ የወጨጫዋ እረኛ ልጅ ትዝ ትለኛለች። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለ ተራራ ላይ ማንም ሳያያችሁ አንድ ሰዓት መሄድ አትችሉም። እረኛ አለ፣ እንጨት ለቃሚ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ አለ። ከተሜው «ከየት ነህ? ወዴት ነህ?» ሲባል ሙድ የተያዘበት ይመስለዋል፣ ወይም ነገር ፍለጋ ይመስለዋል። አይደለም። ያቺ ጥያቄ መዝገብ ናት። የጠየቃችሁ ሰው ሁሉ ስማችሁን ባያውቅ መልካችሁን፣ ሰዓቱንና የሄዳችሁበትን ይይዛል። እናንተ ግን ጆሯችሁን ደፍናችሁ ታልፋላችሁ። እባካችሁ ተራራ ላይ ያን ነገር ከጆሯችሁ አውጡት። ኦሮምኛ የማታውቁም «አካም» ማለት አያቅታችሁም። ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ደግሞ በቃላችሁ ያዟት፦ «ካራን ኩን ኤሳ ጌሳ?» ይህ መንገድ የት ያደርሳል ማለት ነው።

ቁርጭምጭሚቱ ሲድን፣ ጥር ላይ፣ እናትየው ስኳርና ቡና ጭና ሦስታችን ወጣን። ልጅቷ ከከብቶቿ ጋር እዚያው ተረተር ላይ ነበረች። እኔንና እናትየውን ሰላም አለችን። ወደ እሱ ዞራ ጆሮውን ግራና ቀኝ አየች። ባዶ ነው።

«ኤሳ ዴምታ?» አለችው። ወዴት ነው የምትሄደው?

በእጁ አሳያት። ራሷን ነቀነቀችና በዱላዋ ሌላኛውን መንገድ ጠቆመችው።